ሦስት ሜትር ከአሥራ ሁለት

(በስልክ፤ የክረምት ጠዋት፤ የፈረቃዋ ኢንጂነር ልሳነወርቅ ወንዙ ዳር ባለው የፓምፕ ቤት ስክሪኗ ፊት ተቀምጣለች፣ የከተማው ውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ተቆጣጣሪ ደምመላሽ ደግሞ ጋኑ ካለበት ኮረብታ አካባቢ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ጌጤነህ ከዞን የሚመጡ እንግዶችን ይጠብቃሉ።)

ደምመላሽ፦ በዛሬው ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ የከተማችን ዋና የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን የውሃ ከፍታ ሦስት ሜትር ከአሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር መሆኑን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ጋሽ ደምመላሽ፣ እኔ ነኝ እኮ። ልሳነወርቅ። ሬዲዮ ጣቢያ አይደለም የደወሉት።

ደምመላሽ፦ አቶ ጌጤነህ ናቸው እንዲህ በል ያሉኝ። «ዛሬ እንግዳ አለ፤ ሦስት ከአሥራ ሁለት ቻው ብለህ እንዳትዘጋ፣ ድምፅህን ጎርነን አድርገው» አሉኝ።

ልሳነወርቅ፦ ጎርንኗል። ቁጥሩንም አስገብቻለሁ። ቻው።

ደምመላሽ፦ ቆይ! ኧረ ቆይ እንጂ! የትናንቱ ነገርስ?

ልሳነወርቅ፦ የትናንቱን ትናንት መለስኩልዎት።

ደምመላሽ፦ እሱ መልስ ነው? «ውሃማ አለ» ብሎ መልስ አለ? ልጄ ጤና ጣቢያ ምጥ ላይ ናት፤ ቧንቧው እፍፍ ይልና ዝም ይላል። አዋላጇ እጇን የምትታጠብበት የላትም። የእኔይቱ ሴትዮ በጄሪካን ከወንዝ አምጥታ ነው ያደረችው፣ እሱም ደፍርሶ ቡና መስሏል።

ልሳነወርቅ፦ እኔስ ምን አልኩ? የላይ ሰፈር መስመር ተበላሽቷል አልኩ። ጋኑ ውስጥ ሦስት ሜትር ውሃ አለ። ማነው የነገረኝ? እርስዎ። አሁን፣ በታላቅ አክብሮት።

ደምመላሽ፦ ብያለሁ።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲያው ጋኑ ጋ ውሃ ካለ፣ ጤና ጣቢያው ጋ ከሌለ፣ መሀል ላይ ቧንቧ ፈንድቷል ማለት ነው። ሠራተኛ ተልኳል።

ደምመላሽ፦ ተልኳል። ከትናንት ጀምሮ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ አስፋልቱን እየቆፈሩ ነው።

ልሳነወርቅ፦ አገኙት?

ደምመላሽ፦ አንድ ደህና ቧንቧ አገኙ። ምንም የለበትም አሉና ፈንጠር ብለው ሌላ ጉድጓድ ጀመሩ። አሁን ወላድ ይዞ የሚመጣ መኪና በየት በኩል እንደሚገባ እግዜር ይወቅ።

ልሳነወርቅ፦ ምንታምር እንዴት ናት?

ደምመላሽ፦ ስሟን ታውቂዋለሽ?

ልሳነወርቅ፦ አብረን ነው የተማርነው እኮ፣ ጋሼ። እንዴት ናት?

ደምመላሽ፦ ሌሊቱ እንዲሁ ነጋባት። አዋላጇ «ውሃ እስከ ቀትር ካልመጣ እዚህ አላዋልዳትም፣ ሆስፒታል እልካታለሁ» ብላለች። በምን ትላካት? መንገዱን አይተሽዋል? ትናንት የሽንኩርት መኪና ጭቃ ውጦት አድሯል። ሽንኩርት እንኳን ያላሳለፈ መንገድ እርጉዝ ያሳልፋል?

ልሳነወርቅ፦ አንጀቴን አይብሉኝ። እኔ ምን ላድርግ?

ደምመላሽ፦ ፓምፑን አስነሺው። የጤና ጣቢያው መስመር ከወንዝ ወደ ጋን በሚወጣው ቧንቧ ላይ ነው፤ ፓምፑ ከተነሳ ጋን ሳይደርስ መንገድ ላይ ያገኛታል።

ልሳነወርቅ፦ ፓምፑ በእኔ አይነሳም። በቁጥሩ ነው የሚነሳው። ጋኑ ከሁለት ሜትር በታች ወረደ ሲባል ራሱ ይነሳል፤ ሞላ ሲባል ራሱ ይተኛል። አሁን ሦስት ከአሥራ ሁለት ነው፣ ተኝቷል።

ደምመላሽ፦ በእጅ የሚነሳበት ቁልፍ ነበረው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ነበረው። አቶ ጌጤነህ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። «ከዛሬ ጀምሮ ይህንን ሥርዓት የሰው እጅ አይነካውም፣ ለእንግዶቹ የማሳየው ይሄንኑ ነው» ብለው።

ደምመላሽ፦ ደውይላቸዋ!

ልሳነወርቅ፦ ደወልኩ። «ዛሬ ከቁጥር በስተቀር ምንም እንዳትነግሪኝ» ብለው ዘጉት። አሁን ከናካቴው አያነሱም።

ደምመላሽ፦ እንግዲያው... ልሳኔ...

ልሳነወርቅ፦ ልሳኔ ሲሉኝ ነገር አለ ማለት ነው።

ደምመላሽ፦ ቁጥሩን ዝቅ አድርጊው።

ልሳነወርቅ፦ ምን?

ደምመላሽ፦ ትንሽ። አንድ ሜትር ከሰማንያ በይው። ፓምፑ እንዲነሳ ያህል። ማን ያያል?

ልሳነወርቅ፦ ጋሽ ደምመላሽ! የሐሰት ቁጥር አስገቢ ነው የሚሉኝ?

ደምመላሽ፦ ሐሰት አላልኩም። ዝቅ አድርጊው ነው ያልኩት።

ልሳነወርቅ፦ ይሄ ቁጥር እኔ ጋ ብቻ አይቀርም እኮ። ዞን ያየዋል፣ አቶ ጌጤነህ በስልካቸው ያዩታል፣ ደጃፍዎ ላይ ያለው ሰሌዳ በቀይ መብራት ይጽፈዋል። ሦስት ሜትር ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሜትር ሲወርድ «የት ገባ?» አይሉም? ያውም ዛሬ!

ደምመላሽ፦ ሰው ጠጣው በይ።

ልሳነወርቅ፦ ቋሚ ሠራተኛ አይደለሁም፣ ጋሼ። ኮንትራቴ ሊታደስ የአቶ ጌጤነህ ፊርማ ነው የቀረው። መብረቁ የጋኑን መለኪያ ገመድ ካቃጠለው ጀምሮ እኔ ያለሁት በእርስዎ ቃል ነው። ሌላ ምን አለኝ? እርስዎ ኮረብታውን ወጥተው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ባትሪ አብርተው መለኪያውን ያነባሉ፤ ይደውሉልኛል፤ አስገባለሁ። መለዋወጫው እስኪመጣ ሥራችን ይሄ ነው። በዚህ ውስጥ ሐሰት ካስገባሁ ምን ቀረን?

ደምመላሽ፦ ምንም አልቀረን። እውነትሽን ነው።

ልሳነወርቅ፦ ...ጭቃው እንዴት ነበር ዛሬ?

ደምመላሽ፦ የቱ ጭቃ?

ልሳነወርቅ፦ የኮረብታው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ እንዴት ወጡት?

ደምመላሽ፦ እህ... ጭቃ ነው። ጭቃ ምን ይሆናል?

ልሳነወርቅ፦ ዛሬ ትንፋሽዎ ደህና ነው።

ደምመላሽ፦ እግዚአብሔር ይመስገን።

ልሳነወርቅ፦ ገመዱ የተቃጠለ ሰሞን ሲደውሉልኝ ቁና ቁና ይተነፍሱ ነበር። ቁጥሩን ለመስማት ጆሮዬን እለጥፍ ነበር። አሁን እንደ ዜና አንባቢ ሆነዋል።

ደምመላሽ፦ ሰውነት ይለምዳል፣ ልጄ። ጉልበቴም እያየው እያየው...

ልሳነወርቅ፦ ከኋላዎ ምንድነው የሚንኳኳው?

ደምመላሽ፦ ምንም።

ልሳነወርቅ፦ ወንበር ነው። ወንበር እየደረደሩ ነው። ጋኑ አናት ላይ ወንበር አለ እንዴ?

ደምመላሽ፦ እ...

ልሳነወርቅ፦ አሁን ደግሞ ማይክሮፎን እየሞከሩ ነው። «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ሲል ይሰማኛል። ጋሽ ደምመላሽ፣ የት ነዎት?

ደምመላሽ፦ ጥበቃ ቤቱ በር ላይ።

ልሳነወርቅ፦ ኮረብታው ሥር?

ደምመላሽ፦ ሥሩ።

ልሳነወርቅ፦ ወርደው ነው የደወሉልኝ?

ደምመላሽ፦ ከወጣሁ አይደል የምወርደው።

ልሳነወርቅ፦ በማርያም! ቁጥሩንስ?

ደምመላሽ፦ አትጩሂብኝ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ከሐሳቤ አላመጣሁትም። የጉልበቴን ነገር ታውቂያለሽ፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ወጣሁ፣ አንዱን ቀን ተንሸራትቼ ወደቅኩ። ተቀምጬ ጉልበቴን ሳሽ ዓይኔ አረፈበት። ፊት ለፊቴ አቶ ጌጤነህ ያሰቀሉት ሰሌዳ በቀይ መብራት ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል፦ የጋኑ ከፍታ ይህን ያህል። እንኳን እኔ፣ ፍየል የሚጠብቅ ሰው ከሩቅ ያነበዋል። ታዲያ ለምን ልውጣ? ካለሁበት እያነበብኩ እደውልልሽ ጀመር። ተቆጣሽ?

ልሳነወርቅ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ በቀስታ ይመልሱልኝ። ሰሌዳው ያንን ቁጥር ከየት የሚያመጣው ይመስልዎታል?

ደምመላሽ፦ ከጋኑ ነዋ። ገመድ አለው።

ልሳነወርቅ፦ ገመዱ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ሰሌዳው የሚጽፈው እኔ ያስገባሁትን ነው።

ደምመላሽ፦ አንቺስ ከየት ታመጫለሽ?

ልሳነወርቅ፦ ከእርስዎ።

ደምመላሽ፦ እኔ ከሰሌዳው።

ልሳነወርቅ፦ ሰሌዳው ከእኔ።

ደምመላሽ፦ ...ጋኑስ?

ልሳነወርቅ፦ ጋኑን የጠየቀው የለም።

ደምመላሽ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄ ሊሆን አይችልም። ቁጥሩ ይንቀሳቀስ ነበር! ደርቆ የቀረ ቁጥር ቢሆን እኔም እጠረጥር ነበር። አንድ ቀን ሦስት ከአምስት ይላል፣ ሲመሽ ሦስት ከዘጠኝ ይላል፣ ሲነጋ ወረድ ብሎ አገኘዋለሁ። ሕይወት አለው። ሰው ሲጠጣ ይወርዳል፣ ሲተኛ ይወጣል እያልኩ በልቤ አመሰግን ነበር።

ልሳነወርቅ፦ እኔ ነኝ።

ደምመላሽ፦ ምኑ?

ልሳነወርቅ፦ የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። እርስዎ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ይነግሩኛል፤ ስክሪኑ ላይ መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ይላል። አቶ ጌጤነህ ደውለው «ይሄ ነገር ሞተ እንዴ? ዞኑ ምን ይላል?» አሉኝ። እኔም... ትንሽ ትንሽ እነካካው ጀመር። ሁለት ሳንቲም ከፍ፣ ሦስት ሳንቲም ዝቅ። መስመሩ እንዲያምር።

ደምመላሽ፦ እንዲያምር!

ልሳነወርቅ፦ ውሃ ቀጥ አይልም ብዬ ነው። ደግሞ እኔ የነካካሁትን እርስዎ በማግስቱ ያንኑ ሲነግሩኝ «እንዴት ገመትኩት!» እያልኩ በራሴ እኮራ ነበር።

ደምመላሽ፦ አሁን ማን ነበር «የሐሰት ቁጥር አስገቢ ነው የሚሉኝ» ብሎ የጮኸው?

ልሳነወርቅ፦ አሁን ማን ነበር «በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ» ያለው?

ደምመላሽ፦ እኔስ ጉልበቴን አሞኝ ነው። አንቺ ምንሽን አሞሽ ነው?

ልሳነወርቅ፦ ይተዉኝ እባክዎ። ይልቅ ልብ ብለው ያስቡት። ቁጥሩ ሦስት ሜትር ላይ ሲመላለስ ከሰነበተ ፓምፑ ተኝቶ ሰንብቷል። ጸጥታውን ሰምቼዋለሁ እኮ! እዚህ አጠገቡ ተቀምጬ። ጋኑ ሙሉ ስለሆነ ነው ብዬ ሻይ ጠጥቼበታለሁ።

ደምመላሽ፦ ከተማው ደግሞ ሲጠጣ ሰንብቷል።

ልሳነወርቅ፦ ሲጠጣም፣ ሲያጥብም።

ደምመላሽ፦ እና የላይ ሰፈር ቧንቧ...

ልሳነወርቅ፦ አልፈነዳም። ጋኑ ሲጎድል ቀድሞ የሚደርቀው ከፍ ያለው ሰፈር ነው።

ደምመላሽ፦ ያን ሁሉ አስፋልት!

ልሳነወርቅ፦ ይውጡ፣ ጋሽ ደምመላሽ።

ደምመላሽ፦ ወዴት?

ልሳነወርቅ፦ ወደ ጋኑ። ስልኩን ሳይዘጉ ይውጡና በዓይንዎ ይዩልኝ። በግምት እንደገና ሌላ ቁጥር አላስገባም። ምናልባት ገና ውሃ ይኖረው ይሆናል፤ ምናልባት በከንቱ ነው የምንንቀጠቀጠው።

ደምመላሽ፦ በዚህ ጉልበት?

ልሳነወርቅ፦ ለምንታምር ነው የሚወጡት።

ደምመላሽ፦ ...ከዘራዬን ላንሳ።

ልሳነወርቅ፦ እንግዶቹ ደረሱ?

ደምመላሽ፦ መኪናዎቹ እየታጠፉ ነው። ነጫጭ ናቸው፤ እስከ መስኮታቸው ጭቃ ሆነዋል። አቶ ጌጤነህ ከረባታቸውን እያቃኑ ነው። አዩኝ። በእጃቸው «ወዲያ ሂድ» አሉኝ። መሄዴ ነው፣ ጌታዬ፣ መሄዴ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ዳገቱን ጀመሩት?

ደምመላሽ፦ ጀመርኩት። ኧረ ወዲያ! ይሄ መሬት ሳሙና ተቀብቷል እንዴ? ...አንድ ነገር ልንገርሽ? ያቺ ልጅ ስትወለድም ዝናብ ነበር። እናቷን በቃሬዛ ነው ያወረድናት። «የእሷ ልጆች እንዲህ አይወለዱም፤ ያኔ ከተማው ቧንቧ ይኖረዋል» አልኩ። ቧንቧው ሲመጣ ለዚህ ነው ተቆጣጣሪነቱን ለምኜ የገባሁት። ተቆጣጠርኩት እንግዲህ።

ልሳነወርቅ፦ አይናገሩ፣ ትንፋሽዎን ይቆጥቡ።

ደምመላሽ፦ ዝም ካልኩ... ጉልበቴ ይሰማኛል።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲያው ያውሩ። ምን ይታይዎታል?

ደምመላሽ፦ ሁሉም። ጤና ጣቢያው ይታየኛል... ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ... ከታች ደግሞ ጥበቃ ቤቱ። አዲሱን ቧንቧ ጥብጣብ አስረውበታል። ልክ ከሰሌዳው ሥር።

ልሳነወርቅ፦ የምን ቧንቧ?

ደምመላሽ፦ ለእንግዶቹ ትናንት የተገጠመ ነው። የሚያብረቀርቅ። እስካሁን ማንም እንዲነካው አልተፈቀደም... እንዳይቆሽሽ።

ልሳነወርቅ፦ ከፍተውስ አልሞከሩትም?

ደምመላሽ፦ ሰሌዳው ሦስት ሜትር እያለ... ምን ያስሞክራል?

ልሳነወርቅ፦ ወይኔ።

ደምመላሽ፦ ደረስኩ። ቆይ... ቆይ ልተንፍስ።

ልሳነወርቅ፦ አይዞዎት።

ደምመላሽ፦ ክዳኑ ዝጓል። እህህ! ...ተከፈተ።

ልሳነወርቅ፦ ምን ይላል?

ደምመላሽ፦ ጨለማ ነው። ባትሪውን ጥበቃ ቤት ረሳሁት።

ልሳነወርቅ፦ ጋሼ!

ደምመላሽ፦ ጠጠር ልጥልበት። ስሚ፣ ስልኩን አስጠጋሁት።

ልሳነወርቅ፦ ...

ደምመላሽ፦ ሰማሽ?

ልሳነወርቅ፦ ቋ አለ።

ደምመላሽ፦ ቋ አለ።

ልሳነወርቅ፦ ምናልባት ግድግዳው ላይ መትቶ ይሆናል። ሌላ ይጣሉ። መሀሉ ላይ።

ደምመላሽ፦ ይኸው።

ልሳነወርቅ፦ ...እየነጠረ ነው የሄደው።

ደምመላሽ፦ ሲሚንቶ ነው፣ ልጄ። ጠብታ የለም። የሞላ ጋን ሽታው ራሱ ይበርድ ነበር፤ ይሄ እንደ ባዶ ቤት ነው የሚሸተው።

ልሳነወርቅ፦ ዜሮ ማለት ነው።

ደምመላሽ፦ ከዜሮ በታች ካለ እሱን በይው።

ልሳነወርቅ፦ እሺ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። ዜሮ ብዬ ካስገባሁ ፓምፑ ወዲያው ይነሳል። ላስገባው?

ደምመላሽ፦ ቆይ።

ልሳነወርቅ፦ ምን?

ደምመላሽ፦ ትንሽ ቆይ። ሁሉም ሰሌዳው ሥር ቆመዋል። ዞኑ፣ ፎቶ አንሺው፣ አቶ ጌጤነህ በዘንግ እየጠቆሙ ያስረዳሉ። ያቺ ቀይ ቁጥር አሁን ከተለወጠች...

ልሳነወርቅ፦ አሁን እርስዎ ነዎት ቆይ የሚሉኝ?

ደምመላሽ፦ ጡረታ የምወጣው መስከረም ነው። የምኖርባት ክፍል የመሥሪያ ቤቱ ናት። እስኪሄዱ... አንድ ግማሽ ሰዓት...

ልሳነወርቅ፦ እኔም አሁን ያንኑ ልልዎት ነበር። እስኪሄዱ ብንጠብቅስ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከእርስዎ አፍ ስሰማው ግን አስጠላኝ።

ደምመላሽ፦ የጤና ጣቢያው በር ተከፍቶ ሰው ወጣ። የእኔይቱ ሴትዮ ናት። ጄሪካኑን ይዛ ደግሞ ወደ ወንዝ እየወረደች ነው። እዚህ ሆኜ አያታለሁ፤ እየሮጠች ነው። እሷ ሮጣ አታውቅም።

ልሳነወርቅ፦ እ?

ደምመላሽ፦ አስገቢው።

ልሳነወርቅ፦ ሰሌዳው...

ደምመላሽ፦ ሰሌዳው ገደል ይግባ! አስገቢው ነው የምልሽ!

ልሳነወርቅ፦ አስገባሁት። ይሰማዎታል? ፓምፑ ነው! ተነሳ! መሬቱ ራሱ ተንቀጠቀጠ። ሻዬ ፈሰሰ። ከታች ምን አለ? ጮኹ?

ደምመላሽ፦ ሰሌዳው ተለውጧል። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ይላል። ከዚህ ይነበበኛል።

ልሳነወርቅ፦ እና?

ደምመላሽ፦ ምንም።

ልሳነወርቅ፦ እንዴት ምንም?

ደምመላሽ፦ ማንም አላየውም። አቶ ጌጤነህ ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው በዘንጋቸው ወደ ኋላ ይጠቁማሉ። ቁጥሩን በቃላቸው ነው የያዙት። ማይክሮፎኑ እዚህ ድረስ ይሰማል፤ «እንደምትመለከቱት ሦስት ሜትር ከአሥራ ሁለት» እያሉ ነው።

ልሳነወርቅ፦ እንግዶቹስ?

ደምመላሽ፦ እሳቸውን ነው የሚያዩት። አሁን አጨበጨቡ።

ልሳነወርቅ፦ ለዜሮ?

ደምመላሽ፦ ለዜሮ። ሞቅ አድርገው።

ልሳነወርቅ፦ ኧረ አያስቁኝ... ጤና ጣቢያውስ? ደረሰ?

ደምመላሽ፦ እያየሁ ነው። ...ቆፋሪዎቹ ከጉድጓዳቸው እየዘለሉ ወጡ!

ልሳነወርቅ፦ ምን ሆነው?

ደምመላሽ፦ ያንን ደህና ቧንቧ በዶማ ነክተውት ነበር መሰለኝ፣ ውሃው ከሥራቸው ፈነዳ! አንዱ ባርኔጣው ተንሳፈፈ። «አገኘነው! አገኘነው!» እያሉ ይጨፍራሉ።

ልሳነወርቅ፦ ጤና ጣቢያው ጋስ? ወደ ውስጥ ገባ ወይስ ጉድጓዱ ጠጣው?

ደምመላሽ፦ ቆይ... አዋላጇ ወጣች። ነጭ የለበሰችው። የግቢው ቧንቧ ላይ ጎንበስ አለች። ልሳኔ... እጇን እየታጠበች ነው። እስከ ክርኗ። ባልዲ ከሥሩ ደቀነች። ባልዲው እየሞላ ነው!

ልሳነወርቅ፦ ተመስገን!

ደምመላሽ፦ የእኔይቱን ሴትዮ እየጠሯት ነው። ሰማቻቸው። ዞረች። ...ጄሪካኑን መንገድ ላይ ጥላው ተመለሰች።

ልሳነወርቅ፦ እያለቀሱ ነው፣ ጋሼ?

ደምመላሽ፦ ዳገቱ ነው። ትንፋሽ አሳጥሮኝ ነው።

ልሳነወርቅ፦ እሺ። ዳገቱ ነው።

ደምመላሽ፦ ስሚኝማ። አሁን ማንም አላየም። ፓምፑ እየሠራ ነው። ጋኑ እስከ ዛሬ ማታ ይሞላል። ቀስ እያልሽ ቁጥሩን ብትመልሽው...

ልሳነወርቅ፦ ጋሼ!

ደምመላሽ፦ አይ፣ ፓምፑን ሳታስተኚ ማለቴ ነው። አንድ ከዘጠና በይው፤ ከሁለት በታች ስለሆነ ይሠራል፣ ከዜሮም ይሻላል ለዓይን። ከነገ ጀምሮ በየቀኑ እወጣለሁ። ምዬልሻለሁ።

ልሳነወርቅ፦ አንድ ከዘጠና...

ደምመላሽ፦ አንቺም ፊርማሽን ታገኛለሽ። እኔም ክፍሌን። እነሱም ጭብጨባቸውን። ልጄም ውሃዋን አግኝታለች። ማን ተጎዳ?

ልሳነወርቅ፦ ያምራል። ልክ እንደዚያ መስመሬ ያምራል። ...ምን እያደረጉ ነው አሁን?

ደምመላሽ፦ ንግግሩ አልቋል። ችግኝ እየተከሉ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ችግኝ? እዚያው?

ደምመላሽ፦ እዚያው ሰሌዳው ሥር። ክረምት አይደል፤ ዞን መጥቶ ችግኝ ሳይተክል ይሄዳል? ትልቁ እንግዳ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እየደለደሉ ነው። ፎቶ አንሺው አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ አላቸው። ደገሙለት።

ልሳነወርቅ፦ ጎንበስ ካሉ ጥሩ ነው። ጎንበስ ያለ ሰሌዳ አያይም። አንድ ከዘጠና ላስገባ ነው፤ ምን ይደረግ...

ደምመላሽ፦ አስገቢው፣ አስገቢ። ...ቆይ።

ልሳነወርቅ፦ አሁን ደግሞ ምን?

ደምመላሽ፦ ተነሱ። እጃቸው ጭቃ ሆኗል። አቶ ጌጤነህ ወደ አዲሱ ቧንቧ እየመሯቸው ነው።

ልሳነወርቅ፦ እንዳያስነኳቸው! ያ ቧንቧ ከጋኑ ሥር ነው የሚጠጣው!

ደምመላሽ፦ ከጋኑ ሥር ነው። ገና ጉሮሮው እንኳን አልራሰም። አንዷ ሳሙና ይዛለች፣ አንዱ ፎጣ። መቀስ አመጡ። ጥብጣቡን ቆረጡት።

ልሳነወርቅ፦ ይጩሁ! አንድ ነገር ይበሉ! ከላይ ይጣሯቸው!

ደምመላሽ፦ ብጮህስ ምን እላለሁ? አሁን ሳሙናውን ተቀበሉ። በጭቃው ላይ አሹት፣ አረፋው ወጣ። አቶ ጌጤነህ ቧንቧውን በገዛ እጃቸው ከፈቱላቸው።

ልሳነወርቅ፦ እና?

ደምመላሽ፦ እየጠበቁ ነው።

ልሳነወርቅ፦ አቶ ጌጤነህስ?

ደምመላሽ፦ እሳቸውም ቧንቧውን እያዩ ይጠብቃሉ። ፈገግታቸው ከፊታቸው አልጠፋም። ፎጣ የያዘውም ፎጣውን እንደዘረጋ ነው።

ልሳነወርቅ፦ አንድ ከዘጠና ላስገባ? ጋሼ? ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። ላስገባ ወይስ ልተወው?

ደምመላሽ፦ ተይው። እንግዳው አረፋ የሆነ እጃቸውን ዘርግተው እንደቆሙ ቀና ብለው ሰሌዳውን እያነበቡ ነው።